ቱሊዮ ካምፓኞሎ፤ ሕይወቱና የፍሬን ዕቃዎች ጋብቻ

በምዕራብ ጎጃም፣ በደጋ ዳሞት ወረዳ የምትገኘው የፈረስ ቤት ከተማ በስሟ የጥንቱን መጓጓዣ ታስታውሳለች። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ከደጋው ወደ ፍኖተ ሰላም መውረድ ከመጀመሩ በፊት ልጓሙን ይመረምራል፤ ሽቅብ የሚያወጣው የፈረሱ ጉልበት ቢሆንም ቁልቁል በደኅና የሚያወርደው ልጓሙ ነውና። የልጓሙን ብረት አንጥረኛ፣ ጠፍሩን ኮርቻ ሠሪ ቢያበጀውም ፈረሱ የሚያውቀው አንድ ልጓም ብቻ ነው። ብረቱ ከልክ በላይ ሰፍቶ፣ ጠፍሩም አጥሮ ከተጋጠሙ፣ እያንዳንዳቸው የቱንም ያህል በጥሩ እጅ ቢሠሩ ፈረሱን አያቆሙትም።

በቢስክሌት ላይ የልጓሙን ሥራ የሚሠራው ፍሬን ነው። ፍሬን የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን ሥሩ በላቲን ቋንቋ ልጓም ማለት ነው። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ቢስክሌት በሚጠገንበት ሁሉ የሚሰሙት ጎማ፣ ካቦ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታና ቸርኬ የሚሉት ቃላትም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ቃላቱ ከአንድ አገር ቢመጡም ዕቃዎቹ ግን ከብዙ አገር ይመጣሉ። የአንዱ ፋብሪካ እጀታ ከሌላው መንጋጋ፣ የሦስተኛው ካቦ ከአራተኛው ላስቲክ ጋር ተጋብቶ በአንድ ቢስክሌት ላይ ይውላል። ይህ ጋብቻ የሚሰምረው መቼ ነው? የሚፈርሰውስ በምን ምክንያት ነው?

ለዚህ ጥያቄ የጣሊያናዊው የቢስክሌት ዕቃ ፈልሳፊ የቱሊዮ ካምፓኞሎ ሕይወት ጥሩ መልስ ይሰጣል። ካምፓኞሎ ሥራውን የጀመረው በማንም ፋብሪካ ቢስክሌት ላይ ልትገጥም በምትችል አንዲት ትንሽ ዕቃ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ከእጀታው እስከ ላስቲኩ ራሱ ኃላፊነት የወሰደበትን ሙሉ ፍሬን ለገበያ አቀረበ። በእነዚህ ሁለት ሥራዎች መካከል ያለው መንገድ ስለ ዕቃ መቀያየር ብዙ ያስተምራል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና ወጣትነቱ

ቱሊዮ ካምፓኞሎ በ1901 በሰሜን ጣሊያን በምትገኘው በቪቼንዛ ከተማ ተወለደ። አባቱ የብረታ ብረት ዕቃዎች መሸጫ መደብር ነበረው። ልጁም ገና በጠዋቱ ከቡሎንና ከዳዶ፣ ከሞረድና ከመዶሻ ጋር ተዋውቆ አደገ። በ1920ዎቹ በአማተርነት የቢስክሌት እሽቅድምድም ውስጥ ገባ። በስፖርቱ ታላቅ ዝናን ያተረፈ ተወዳዳሪ አልነበረም፤ ነገር ግን ዕቃ ሲበላሽና ሲያስቸግር በዓይኑ የሚያይ፣ በእጁም የሚዳስስ ተወዳዳሪ ነበር። በኋላ ለፈለሰፋቸው ነገሮች ሁሉ መሠረት የሆነው ይህ ከኮርቻው ላይ የተገኘ ዕውቀት ነው።

በዚያ ዘመን የእሽቅድምድም ቢስክሌት የኋላ መንኮራኩር በግራና በቀኝ አንዳንድ ጥርስ ነበረው፤ አንደኛው ለሜዳ፣ ሁለተኛው ለዳገት የሚያገለግል ነው። ተወዳዳሪው ዳገት ሲደርስ ከቢስክሌቱ ይወርድና ሁለቱን ባለ ክንፍ ዳዶዎች ፈትቶ፣ መንኮራኩሩን ነቅሎ፣ አገላብጦና መልሶ አጥብቆ ጉዞውን ይቀጥላል።

በኩባንያው ዘንድ የሚነገረው ታሪክ እንደሚለው፣ በ1927 ኅዳር ወር በዶሎሚት ተራሮች ግርጌ በሚገኘው በክሮቼ ዳውኔ መተላለፊያ በተደረገ ውድድር ላይ ወጣቱ ቱሊዮ በበረዶ መካከል ዳገቱን ጀመረ። መንኮራኩሩን ሊያገላብጥ ወርዶ ዳዶዎቹን ለመፍታት ቢሞክርም ጣቶቹ በብርድ ስለ ደነዘዙ አልታዘዙትም። እሱ ከዳዶው ጋር ሲታገል ሌሎቹ እያለፉት ሄዱ። ይህን ሽንፈት ሌላ ሰው እንደ ዕድል ቆጥሮ ይረሳው ነበር፤ ካምፓኞሎ ግን የዳዶው አሠራር ጉድለት አድርጎ ቆጠረው። ዛሬ በዚያ መተላለፊያ ላይ መታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል።

በማንም ቢስክሌት ላይ የምትገጥም ዕቃ

ቱሊዮ ከአባቱ መደብር በስተጀርባ ባለች ክፍል ተቀምጦ ያበጀው መፍትሔ እንደሚከተለው ነበር። የመንኮራኩሩን አክስ ውስጡን ክፍት አድርጎ ቀጭን ዘንግ አሳለፈበት። በዘንጉ አንድ ጫፍ ዳዶ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ከመሐል ውጭ የሚዞር እጀታ ገጠመለት። እጀታው ሲታጠፍ ዘንጉን ይስባል፤ የቴላዮው ሁለት ጫፎችም በሁለቱ መካከል ተጨብጠው ይጠብቃሉ። እጀታው ሲገለበጥ ደግሞ መንኮራኩሩ ያለ መፍቻ በሰከንዶች ውስጥ ይለቀቃል። በ1933 ካምፓኞሎ በቪቼንዛ የራሱን ኩባንያ መሠረተ።

የዚህች ዕቃ ዋና ጥበብ ከሌሎች ሰዎች ሥራ ጋር መስማማቷ ነበር። ካምፓኞሎ በመጀመሪያ የራሱ የመንኮራኩር እምብርት ፋብሪካ ስላልነበረው የብሪቪዮ ወንድማማቾች በሚሠሩት እምብርት ላይ የራሱን ዘንግና እጀታ እየገጠመ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ኋላ በዓለም የታወቀው የካምፓኞሎ ስም የመጀመሪያ እርምጃውን የተራመደው በሁለት ሠሪዎች ዕቃ ጋብቻ ነው። ጋብቻው የሰመረው የሁለቱን ዕቃዎች ግንኙነት የሚወስኑት ነገሮች ጥቂትና ግልጽ ስለ ነበሩ ነው፤ የአክሱ ስፋት፣ የቴላዮው ጫፍ ውፍረትና የዘንጉ ርዝመት በመለኪያ ከተረጋገጡ የቀረው ሁሉ በራሱ ይስማማል።

ቀጥሎ ፊቱን ወደ ማርሽ መለወጫ አዞረ። ካምቢዮ ኮርሳ የተባለው መሣሪያው በኋለኛው መንኮራኩር አጠገብ ሁለት ዘንጎች ነበሩት። ተወዳዳሪው በአንደኛው ዘንግ መንኮራኩሩን ያላላል፤ ፔዳሉንም ወደ ኋላ እያሽከረከረ በሁለተኛው ዘንግ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ ያሻግራል። ዛሬ ሲታይ አስቸጋሪ ይመስላል፤ ሆኖም ጂኖ ባርታሊ በ1948 የፈረንሳይን ዙር ያሸነፈው በዚህ መሣሪያ ነው። በ1950 ፋውስቶ ኮፒ የፓሪስ-ሩቤን ውድድር ባንድ ዘንግ በሚሠራው አዲስ የካምፓኞሎ ማርሽ አሸነፈ። በዚያው ዘመን አካባቢ ካምፓኞሎ በካቦ የሚሳበውንና ግራን ስፖርት የተባለውን አዲስ የማርሽ መለወጫ አወጣ። የዘመናዊው የመንገድ ቢስክሌት ማርሽ የዚህ መሣሪያ ዘር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የሌሎች ፍሬን በካምፓኞሎ ጎን

በ1956 በሜልቦርን በተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቿ ጎን ቢስክሌተኞቿንም አሰልፋ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባሕታና ኃይሉ ፋና አገራቸውን ወክለው ተወዳደሩ። የመንገዱን ውድድር ያሸነፈው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነበር። የዚያን ዘመን የእሽቅድምድም ቢስክሌት ያየ መሐንዲስ አንድ ነገር ያስተውላል። ማርሹና የመንኮራኩሩ እምብርት የካምፓኞሎ በሆነበት ቢስክሌት ላይ እንኳ ፍሬኑ የካምፓኞሎ አልነበረም። ፍሬኑን የሚሠሩት የጣሊያኑ ኡኒቨርሳል፣ የፈረንሳዩ ማፋክ፣ የስዊዘርላንዱ ቫይንማንና ሌሎችም ነበሩ። ዕቃ ማቀያየር በዚያ ዘመን የድኻ ዘዴ አልነበረም፤ የዓለም ሻምፒዮኖችም የሚወዳደሩት በተቀያየረ ዕቃ ነበር።

ይህ ቅይጥ ለምን አላስቸገረም ቢባል ሁለት ምክንያቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የፍሬን ሠሪዎች ሁሉ የሚከተሉት ልማድ ተቀራራቢ ነበር። እጀታዎቻቸው የሚስቡት የካቦ ርዝመት እምብዛም አይለያይም፤ መንጋጋዎቻቸውም ያንኑ ያህል ካቦ የሚጠይቁ ነበሩ። ሁለተኛ፣ ብዙውን ጊዜ እጀታውና መንጋጋው ከአንድ ሠሪ በአንድነት ይገዙ ነበር። ቅይጡ በማርሽና በፍሬን መካከል እንጂ በፍሬኑ በራሱ ውስጥ አልነበረም። ማርሽና ፍሬን አንዱ የሌላውን ኃይል አይካፈሉም፤ እጀታና መንጋጋ ግን አንድ ኃይል የሚቀባበሉ ሁለት እጆች ናቸው።

ካምፓኞሎ ለብዙ ዓመታት ፍሬን ሳይሠራ የቆየው ስለ ፍሬን ስላላሰበ አይደለም። በ1962 የጣሊያኑ ኢኖቼንቲ ፋብሪካ ላምብሬታ 175 በተባለው ስኩተሩ ላይ የገጠመውን የዲስክ ፍሬን የሠራለት ካምፓኞሎ ነበር። በብዛት ተመርቶ ለሽያጭ በቀረበ ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ላይ የዲስክ ፍሬን ሲገጠም ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ኩባንያው በዚሁ ዘመን ከማግኒዝየም የተሠሩ የመኪና ቸርኬዎችንም ያመርት ነበር።

የ1968ቱ ፍሬን

በ1968 ካምፓኞሎ ሬኮርድ የተባለውን የመንገድ ቢስክሌት ፍሬን አወጣ። አሠራሩ በመሠረቱ አዲስ አልነበረም፤ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚነክሱ፣ በአንድ ቡሎን ላይ የሚዞሩ ሁለት ክንዶች ያሉት መንጋጋ ነበር። አዲስ የሆነው ጥንቃቄው ነው። ክንዶቹ ከአልሙኒየም በቅጥቀጣ የተሠሩና በቀላሉ የማይጎብጡ፣ መዞሪያቸውም ልቅነት የሌለው ነበር። በመንጋጋው ላይ ክንዶቹን የምታላላ ትንሽ እጀታ ስለ ተገጠመችለት መንኮራኩሩ ሲወጣ ላስቲኮቹ ጎማውን አያግዱትም። ዋጋው ከሌሎቹ ፍሬኖች በእጅጉ የበለጠ ነበር። ኃይሉም ከሁሉ የበለጠ አልነበረም፤ የተወደደው ነጂው የሚያዘውን ያህል፣ ሳይበልጥና ሳያንስ ስለሚታዘዝ ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ቢስክሌት ሠሪ ቴላዮውን ብቻ አዘጋጅቶ ማርሹን፣ እምብርቱን፣ ፔዳሉንና ፍሬኑን በሙሉ ከካምፓኞሎ መግዛት ቻለ። ጣሊያኖች ይህን የዕቃዎች ስብስብ ግሩፖ ይሉታል። ሬኮርድ፣ ቀጥሎም ሱፐር ሬኮርድ የተባሉት ስብስቦች የኤዲ ሜርክስ ዘመን መለያ ሆኑ። ተወዳዳሪውም ሆነ ጠጋኙ ፍሬኑ ቢታወክ የሚጠይቀው አንድ ሠሪ ነበር። ካምፓኞሎ በሕይወቱ መጨረሻ ላይ የደረሰበት ሐሳብ ይህ ነው፤ ኃይል የሚቀባበሉ ዕቃዎች በአንድ አእምሮ ሊታሰቡ ይገባል።

ቱሊዮ ካምፓኞሎ በ1983፣ ኩባንያው ሃምሳኛ ዓመቱን ባከበረበት ዓመት ዐረፈ። ከመቶ በላይ የፈጠራ መብቶች በስሙ ተመዝግበው ነበር። የኩባንያውን አመራር ልጁ ቫለንቲኖ ተረከበ።

ከእሱ በኋላ የተለያዩት መንገዶች

ካምፓኞሎ ከሞተ በኋላ ሠሪዎቹን ያቀራርባቸው የነበረው ልማድ ፈረሰ። በ1921 በሳካይ ከተማ የተመሠረተው የጃፓኑ ሺማኖ በ1973 ዱራ-ኤስ የተባለ የራሱን ስብስብ አቅርቦ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ማርሹንና ፍሬኑን በአንድ እጀታ ላይ አዋሐደ። በ1992 ካምፓኞሎ ኤርጎፓወር በተባለው እጀታው ተከተለው። በ1987 በቺካጎ የተመሠረተው ስራም ኋላ ሦስተኛው ተፎካካሪ ሆነ። እያንዳንዱ ኩባንያ ስብስቡን ለብቻው ሲያስብ በዓይን የማይታዩ ልዩነቶች ተወለዱ።

ልዩነቱን ለመረዳት የማንሻን ሕግ ማስታወስ ይበቃል። ነጂው እጀታውን በ50 ኒውተን ኃይል ቢጨብጥና የእጀታው ምጥጥን 4 ለ1 ቢሆን፣ ሰበቃ ሳይቆጠር በካቦው ውስጥ የ200 ኒውተን ውጥረት ይፈጠራል። የመንጋጋው ምጥጥን 1 ለ1 ከሆነ እያንዳንዱ ላስቲክ ቸርኬውን በ200 ኒውተን ይጫነዋል። ነገር ግን ኃይል በነፃ አይገኝም። ጣቱ 40 ሚሊ ሜትር ሲጓዝ ካቦው የሚሳበው 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ለሁለቱ ክንዶች ተካፍሎ እያንዳንዱን ላስቲክ 5 ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሳል። የእያንዳንዱ ስብስብ ፈልሳፊ በኃይልና በጉዞ መካከል የራሱን ሚዛን ይመርጣል። የአንዱን እጀታ ከሌላው መንጋጋ ጋር የሚያጋባ ሰው ሳያውቀው ይህን ሚዛን ይለውጣል።

አሁን በዚሁ መንጋጋ ላይ ለተራራ ቢስክሌት የተሠራ፣ ቪ-ብሬክ ለሚባለው ባለ ረጅም ክንድ ፍሬን የታሰበ እጀታ ይገጠም እንበል። ይህ እጀታ ከመንገድ ቢስክሌት እጀታ እጥፍ ያህል ካቦ ይስባል፤ ስለዚህ ምጥጥኑ ወደ 2 ለ1 ይወርዳል። በዚያው የ50 ኒውተን ጭብጥ ላስቲኩ የሚጫነው በ100 ኒውተን ብቻ ነው፤ ፍሬኑ ግማሽ ኃይሉን አጣ ማለት ነው። አደገኛው ነገር ጉድለቱ በጥገናው ቦታ አለመታወቁ ነው። ላስቲኮቹ በትንሽ ጭብጥ ቸርኬውን ስለሚነኩ እጀታው በእጅ ውስጥ ጠንካራ ሆኖ ይሰማል፤ ጠጋኙም ጠንካራ እጀታ የጥሩ ፍሬን ምልክት መስሎት ቢስክሌቱን ለባለቤቱ ያስረክባል። ስሕተቱ የሚገለጠው ቁልቁለት ላይ ነው።

ተቃራኒው ቅይጥ ሌላ መልክ አለው። የመንገድ ቢስክሌት እጀታ ምጥጥኑ 4 ለ1 በሆነ የቪ-ብሬክ ክንድ ላይ ቢገጠም፣ ያው የ50 ኒውተን ጭብጥ 800 ኒውተን ይሆናል፤ ላስቲኩ ግን የሚጓዘው ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት የበለጠ ብቻ ነው። ላስቲኮቹ ቸርኬውን ሊነኩ ጥቂት እስኪቀራቸው ካልተጠጉ አይሠሩም፤ ቸርኬው ትንሽ ከጠመመ ይታከካሉ፤ ላስቲኩ ትንሽ ካለቀ እጀታው መሪውን ይነካል። በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ የፊት መንኮራኩሩን ባንድ ጊዜ አንቆ ነጂውን በመሪው ላይ ሊጥለው ይችላል።

ሌሎች ልዩነቶችም አሉ። ከ1992 ወዲህ በተሠሩ የካምፓኞሎ ስብስቦች ላስቲኮቹን የሚያላላው መሣሪያ በእጀታው ላይ ሲገኝ፣ በሺማኖ ግን በመንጋጋው ላይ ይገኛል። የሺማኖ እጀታ ከካምፓኞሎ መንጋጋ ጋር ቢጋባ ማላያ የሌለው ፍሬን ይወጣል። የካምፓኞሎ የፍሬን ካቦ ራስ ከሌሎቹ በመጠኑ ስለሚያንስ፣ የሌላ ፋብሪካ ካቦ በካምፓኞሎ እጀታ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። መንጋጋው ከቡሎኑ እስከ ላስቲኩ ያለው ርዝመትም ከቴላዮው ጋር መስማማት አለበት፤ አንዳንዱ ከ39 እስከ 49፣ ሌላው ከ47 እስከ 57 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አጭሩ መንጋጋ ረጅም በሚፈልግ ቴላዮ ላይ ቢገጠም ላስቲኩ ቸርኬውን ትቶ ጎማውን ይፍቃል።

በዘይት ግፊት በሚሠራው የዲስክ ፍሬን ላይ ጉዳዩ ከምጥጥን ያልፋል። ሺማኖና ካምፓኞሎ በማዕድን ዘይት ሲሠሩ፣ ስራም በመንገድ ቢስክሌት ፍሬኖቹ በብዛት የተጠቀመው እንደ መኪና ዶት የተባለውን የፍሬን ፈሳሽ ነው። የአንዱ ፈሳሽ በሌላው ውስጥ ቢጨመር የማተሚያ ጎማዎቹ ያብጣሉ ወይም ይበሰብሳሉ፤ ፍሬኑም ሳያስጠነቅቅ ይከዳል። በዚህ ረገድ መካከለኛ መንገድ የለም።

የዓባይ ቁልቁለት ስሌት

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስዳል። የነጂውና የቢስክሌቱ ክብደት በአንድነት 80 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ በ1,000 ሜትር ቁልቁለት ብቻ የሚለቀቀው ጉልበት 784 ሺህ ጁል ያህል ነው። ይህ ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ2 ሊትር በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ያፈላል። ነፋስ የተወሰነውን ይቀበላል፤ ነጂው ፍጥነቱን በልክ ልያዝ ካለ ግን ትልቁ ድርሻ በአራት ትንንሽ ላስቲኮችና በሁለት ቸርኬዎች ላይ ይወድቃል። ለዚህ ሥራ ግማሽ ኃይሉን ያጣ ፍሬን ይዞ መውረድ፣ ጠፍሩ የላላ ልጓም ይዞ ገደል አፋፍ ላይ እንደ መጋለብ ነው።

አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ ዕቃ ማቀያየር በሙሉ መከልከል አለበት ወደሚል ድምዳሜ ሊደርስ ይችላል። የካምፓኞሎ ሕይወት ግን ይህን አያስተምርም። በሌላ ሰው እምብርት ላይ የራሱን ዘንግ ባይገጥም ኖሮ ኩባንያው ባልቆመ ነበር። ፋብሪካዎች እያንዳንዱን ዕቃ ከራሳቸው ዕቃ ጋር ብቻ እንዲሠራ አድርገው በዘጉት መጠን ደግሞ፣ ከፋብሪካው ርቆ የሚኖረው ሰው ባንድ የተሰበረ እጀታ ምክንያት ሙሉ ስብስብ እንዲገዛ ወይም ቢስክሌቱን እንዲጥል ይገደዳል። የገጠሩ ጠጋኝ የሚያቀያይረው ግድየለሽ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ ምርጫ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ከመሐንዲስ የሚጠበቀው አትቀያይር ብሎ መዝጋት አይደለም፤ ሊቀያየር የሚችለውን ሊቀያየር ከማይችለው ለይቶ ማሳየት ነው።

መለያውም ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ላስቲክ፣ ቡሎን፣ ዳዶና የካቦ ሽፋን በመጠን እስከ ተስማሙ ድረስ ከማንም ሠሪ ቢመጡ ይሠራሉ። እጀታና መንጋጋ ግን በአንድነት የሚታሰቡ ጥንዶች ናቸው፤ ከተለያዩ ሠሪዎች ሊጋቡ የሚችሉት የሚስበው የካቦ ርዝመትና የሚጠየቀው የካቦ ርዝመት በማስመሪያ ተለክቶ ሲቀራረብ ብቻ ነው። የዘይት ዓይነት በምንም ምክንያት አይቀየርም። ከጋብቻውም በኋላ ፈተና ይከተላል። እጀታው በሙሉ ኃይል ሲጨበጥ መሪውን እንዳይነካ፣ ላስቲኩ በቸርኬው ላይ እንጂ በጎማው ላይ እንዳያርፍ፣ ቢስክሌቱም በሜዳ ላይ በዝግታ እየተነዳ በፊትና በኋላ ፍሬን ለየብቻ እንዲቆም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አይኤስኦ 4210 የተባለው ዓለም አቀፍ የቢስክሌት ደኅንነት ደረጃም የፍሬንን ብቃት በተገጣጠመ ቢስክሌት ላይ የሚፈትነው በዚሁ ምክንያት ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ፈተናውን ያለፈ ቢስክሌት እጀታው በሌላ ከተተካበት ሰዓት ጀምሮ ያልተፈተነ ቢስክሌት ይሆናል፤ የፈታኙንም ኃላፊነት የሚወርሰው ያጋባው ሰው ነው።

ቱሊዮ ካምፓኞሎ ከዳዶ ጋር ታግሎ ከተሸነፈበት ተራራ ተነሥቶ ሙሉ ፍሬን እስከ ሠራበት ድረስ የተጓዘው መንገድ አንድ ቁም ነገር ይዟል። አንድ ዕቃ ገጠመ ማለት ሠራ ማለት አይደለም። መግጠሙን የሚመሰክረው የቡሎኑ ቀዳዳ ነው፤ መሥራቱን የሚመሰክረው ግን ከእጅ እስከ ቸርኬ ያለው የኃይል መንገድ ነው። ይህን መንገድ የሚያስብ ሰው በፋብሪካ ውስጥ ከሌለ በጥገናው ቦታ መገኘት አለበት፤ በሁለቱም ቦታ ከታጣ የሚታሰበው በቁልቁለቱ ላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጊዜው አልፏል። የፈረስ ቤት ፈረሰኛ ልጓሙን ከመውረዱ በፊት የሚመረምረው ይህን ስለሚያውቅ ነው።